አባ ሹክሹክታ በቀጥታ ስርጭት እንቁላል ያስፈለፈሉበት ዜና

ወኮነ በዘመነ ሣልሳዊ ሥራ አስኪያጅ፤ ሊፍቱ በቆመ በአራተኛው ዓመት፣ የላይኛው ፎቅ ጣሪያ እንደ ገና ማንጠባጠብ በጀመረበት በወርኃ ዝናም ይህ ነገር ሆነ። ንጽሕፍ እንከ፤ እንግዲህ እንጻፍ። የምንጽፈውም የታላቁን፣ የታጋሹን፣ የባለ አረንጓዴ ሰደርያውን፣ አንበሳን በቃላቸው ያላስደነበሩትን፣ አዞን ከእንቅልፉ ያልቀሰቀሱትን፣ ጉንዳንን እንደ ዘመድ የተከተሉትን፣ የቴሌቪዥን የሳይንስና የዱር አራዊት ዝግጅት አቅራቢውን የአባ ሹክሹክታን ገድል ነው፤ ገድሉም አንዲት እንቁላል በአንድ ሰዓት ውስጥ በሕዝብ ፊት ማስፈልፈላቸው ነው። ይህ ምን ገድል ነው የሚል ካለ እስቲ ራሱ ይሞክረው።

እኔ የዚህ ዜና ጸሐፊ የጣቢያው የቴፕ ማኅደር ጠባቂ ነኝ። ያየሁትን ጻፍሁ፤ ያላየሁትን ከበሩ ጥበቃ ጠየቅሁ፤ ጥበቃው ያላየው ነገር ደግሞ የለም። ወንበሩን ለኳስ ተንታኞች ስለ ወሰዱበት በቂም ነው የሚጽፈው የሚሉኝ አሉ። ወንበሬን መውሰዳቸው እውነት ነው፤ ቂም መያዜም እውነት ነው፤ ዜናው ግን ከሁለቱም ይልቅ እውነት ነው።

አስቀድመን አስተዳደጋቸውን እንናገር። አባታቸው የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ፤ ሌሊቱን ቆመው አድረው ቀኑን ከመጋረጃ ወዲያ ይተኛሉ። እናታቸው በፈትል ፋብሪካ፣ ማሽኑ ሁሉ ባንድ አፍ በሚጮህበት አዳራሽ፣ ወጣትነታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ጆሯቸውን እዚያው ትተውት ወጡ። ስለዚህ በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት ሁለት ሕግ ጸንቶ ነበር፤ አንደኛው አባትህ ተኝተዋልና ድምፅህን አታሰማ የሚል፣ ሁለተኛው እናትህ አይሰሙምና ጮክ በል የሚል። ሕፃኑ ሁለቱን ባንድነት መፈጸም አልቻለም፤ ስለዚህ የአባቱን ሕግ መረጠ፤ የአባቱ ቀበቶ ቅርብ ነበርና።

ሕፃኑም፣ ገና አንቱ አልተባሉም ነበርና እንዲህ እንበላቸው፣ ከደጃፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጉንዳኖች የዳቦ ፍርፋሪ ሲጎትቱ እያየ ያየውን ሁሉ ለራሱ በሹክሹክታ ይተርክ ነበር፤ አሁን ትልቁ መጣ፣ አሁን አነሣው፣ አሁን ጣለው እያለ። እናቱም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባዩ ጊዜ ምን እያልክ ነው ብለው ይጠይቁታል። እርሱም ወደ መጋረጃው ዞር ብሎ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ምንም ይላቸዋል። ያ ምንም አርባ ዓመት ቆየ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ አድገውና ተምረው የእንስሳትን ነገር ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ፣ በዘመነ ቀዳማዊ ሥራ አስኪያጅ ወደ ጣቢያው ገቡ። ለዜና ሞከሯቸው፤ የጦርነት ዜና እንደ ሐሜት ሆኖ ወጣ። ለስፖርት ሞከሯቸው፤ ጎል መግባቱን የሰማ ማንም አልነበረም። በመጨረሻ የአንበሳ ፊልም ከውጭ መጥቶ አንባቢ በመጥፋቱ፣ እርሳቸው ይሞክሩት ተባለ። አንበሳው ያለው በቴፕ ላይ ነው፤ ከተቀረጸም ዓመታት አልፈውታል፤ ምናልባትም ሞቷል። እርሳቸው ግን እንዳይሰማቸው ብለው ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግተው አንሾካሾኩ። ሕዝቡም ይህን በሰማ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ፤ ጎልማሶች እግራቸውን ከወለል ላይ አነሡ፤ እናቶች በር መዘጋቱን አረጋገጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባ ሹክሹክታ ተባሉ።

ከአንበሳው በኋላ አዞው መጣ፤ ከአዞው በኋላ ጉጉቱ፤ ከዚያ ሳይንሱ ተጨመረላቸው። ፀሐይ ስትጋረድ ምን እንደሚሆን ሲያስረዱ ፀሐይ እንዳትሰማ አንሾካሾኩ። ውኃ እንዴት እንደሚፈላ ሲያስረዱም ድስቱ እንዳይሰማ አንሾካሾኩ። እውነተኛው ዱር ድረስ ሄደውም ያውቃሉ፤ የመኪናውን መስኮት ዘግተው ጉማሬ ሲያስተዋውቁ ሹፌሩ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ፤ በዚያ ቴፕ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ይኸው ማንኮራፋት ብቻ ነው። ተመልካች የጉማሬው መስሎት እስከ ዛሬ ያደንቃል፤ ቴፑም በእኔ እጅ ይገኛል።

ነገር ግን በሣልሳዊ ሥራ አስኪያጅ ዘመን ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ሰውየው አይሰሙምና ሰው ሁሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ አሁንም አይሰሙምና አሁንም ከፍ ያደርጋል፤ ልክ በዚያ ሰዓት የሳሙናው ማስታወቂያ ይመጣበታል። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት ነጭ አንሶላ እያወዛወዘች የምትዘፍነው ዘፈን መስኮት ያስነቀንቃል፤ የተኛ ሕፃን ያስለቅሳል፤ በሽተኛ ከአልጋ አውርዷል የሚሉም አሉ። እናታቸውም በየሳምንቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍተው፣ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የልጃቸውን ከንፈር ያያሉ፤ አንዲት ቃል ግን አትደርሳቸውም። የሚሰማቸው ዘፈኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ልጅዎ በቴሌቪዥን የሚናገረው ስለ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ስለ ሳሙና ይመስለኛል ይሉ ነበር።

ሥራ አስኪያጁም አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁም በቆመው ሊፍት በር ላይ ተለጠፈ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ቆሞ ሊፍቱን መራገም ልማዱ ነውና። ቃሉም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ያልሰማችሁ ስሙ። ሰው ድምፅ ጨምሮ ጨምሮ ያዳምጣቸዋል፣ ከዚያ ማስታወቂያው መጥቶ ጆሮውን ይበጥሰዋል፣ ከዚያ የሚደወለው ለእኔ ነው። በቃኝ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአራዊቱ ሰዓት ለኳስ ትንታኔ ተሰጥቷል። እነሱ ቢያንስ ይጮሃሉ።»

ይህ በተሰማ ጊዜ የአባ ሹክሹክታ ቅስም ተሰበረ። ሚስት አላገቡም፤ ልጅ አልወለዱም፤ በስብሰባ ላይ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም፤ ቡና ቤት ገብተው አስተናጋጅ መጥራት እንኳ አይሆንላቸውም፤ አስተናጋጁ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። በዚህ ዓለም ላይ የሚናገሩባት አንዲት ሰዓት ብቻ ነበረቻቸው፤ እርሷም ልትወሰድ ነው። በደረጃው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ባየኋቸው ጊዜ ሆዴ ባባ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

በሦስተኛው ቀን ግን ተነሥተው፣ አረንጓዴ ሰደርያቸውን ቆልፈው፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት በኮሪደሩ መካከል ቆመው የራሳቸውን አዋጅ አወጁ። አዋጁ በሹክሹክታ ስለ ነበር ማንም አልሰማውም፤ ስለዚህ የድምፅ ባለሙያዋ፣ ጆሮ የተባለችው፣ ከአፋቸው እየተቀበለች ጮክ ብላ ደገመችው፦ «በመጨረሻው ቀን፣ በቀጥታ ስርጭት፣ እንቁላል ይፈለፈላል። ጫጩቷን ሕዝብ ካያት ዝግጅቱ ይቀጥል። ካላያት ወንበሬን ራሴ ተሸክሜ ለኳሱ አወርዳለሁ።» ሥራ አስኪያጁም ይሁን አሉ፤ ነገር ግን ሰዓቷ ካለቀች አንዲት ደቂቃ አልጨምርም ብለው አጸኑት። የኳስ ተንታኞቹ በሩቅ ሆነው ሳቁ። የተቀመጡትም በወንበሬ ላይ ነበር።

ወእምዝ አባ ሹክሹክታ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ወደ እናታቸው ቤት ወረዱ። በጓሮው በተሰበረ መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነጠብጣቧ ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ ጊዜዋም ደርሶ ነበር። አንደኛዋ እንቁላል ጫፏ ላይ ተነቁራ፣ ከውስጧ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አባ ሹክሹክታ በጣታቸው ወደ እንቁላሏ፣ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው አመለከቱ። እናታቸውም ነገሩ ገባቸው፤ እንደማይሰማ ሰው ሁሉ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበርና ሁለት መንደር የሰማውን አዋጅ አወጁ፦ «ከታቀፈችው ላይ ነው የምትወስድባት? እሺ፣ ውሰድ። ግን ለእናቷ መልሰህ ታመጣታለህ። ሰማኸኝ? ታመጣታለህ።» ከዚያም ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው እንቁላሏን ጠቀለሉላቸው። ልጃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናት የልጃቸውን ከንፈር ቢጠብቁም፣ እርሳቸው እንቁላሏን አቅፈው ወጡ።

አሁን ደግሞ ሠራዊቱን እንቁጠር። ከፊት የሄደው ሹፌሩ፣ ያው ያንኮራፋው፣ በጉድጓድ ሁሉ ላይ እንደ ሙሽራ ሹፌር እየቀዘፈ፤ ከኋላ ወንበር አባ ሹክሹክታ እንቁላሏን በጥጥና በሻሽ ጠቅልለው፣ በሁለት የሙቅ ውኃ ጠርሙስ መካከል በጭናቸው ይዘው፤ በጣቢያው በር የተቀበሏቸው ባለ ካሜራው፣ ግራ ዓይኑን መግለጥ የረሳውና አንድ ዓይና የሚባለው፤ የድምፅ ባለሙያዋ ጆሮም ማዳመጫዋን በአንገቷ አጥልቃ፤ የፊት ማስዋቢያ ባለሙያዋ እትዬ ዱቄት ቡሩሽዋን እንደ ጦር ይዛ፤ የመድረኩ አስተናባሪም ጸጥታ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሰሌዳውን ታጥቆ። በመጨረሻም እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ።

የመጀመሪያው ጦርነት የተደረገው በበሩ ላይ ነው። የጥበቃው አለቃ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ መዝግቦ ሲወጣ ያንኑ ማየት ይፈልጋል፤ ሕጉ ይህ ነው። እንቁላል አንድ ብሎ ከመዘገበ በኋላ ነገሩ ከነከነው። እንቁላል ገብቶ ጫጩት ከወጣ፣ እንቁላሉ የት ገባ ብባል ምን እላለሁ አለ። አባ ሹክሹክታ አስረዱት፤ አልሰማም። ጆሮ ጮክ ብላ አስረዳችው፤ ሰማ፤ ግን አልተቀበለም። ጫጩቷም በሻሹ ውስጥ ስትጮህ፣ ይህ ደግሞ አልተመዘገበም አለ። በስንት ልመና ቅርፊቱን ሲወጡ አሳዩኝ ብሎ አሳለፋቸው። ከዚያ ሊፍቱ ቆሟልና አራት ፎቅ በእግር ተወጣ፤ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ፤ ጫጩቷም በየደረጃው ጭው ጭው ትል ነበር።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው ከወዳጅ እጅ ነው። ከስርጭቱ በፊት እንቁላሏ በመብራቱ ሥር፣ በገለባ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዱቄት ደግሞ በጣቢያው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ ማለፍ የማትችል ሴት ናት፤ የሚኒስትር መላጣ፣ የዘፋኝ አፍንጫ፣ የጠረጴዛ ጫፍ፣ ሁሉንም በዱቄት አደብዝዛለች። እንቁላሏ በመብራቱ ስታብረቀርቅ ባየች ጊዜ እጇ አላስችል አላት፤ ማንም ሳያያት እንቁላሏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዱቄት ቀባቻት። አባ ሹክሹክታም ዞር ብለው ቢያዩ እንቁላሏ እንደ ተዋናይት ፊት ለስልሳ፣ ቀዳዳዋ በዱቄት ተደፍኖ ተቀምጣለች። በሕይወታቸው ሊጮኹ የቀረቡት ያን ጊዜ ነበር፤ ግን ዋጡት። የእንቁላል ቅርፊት ይተነፍሳልና፤ ይህን በዝግጅታቸው ላይ ከዓመታት በፊት ነግረው ነበር፤ እትዬ ዱቄት ግን እንደ ማንኛውም ሰው አልሰማችም። ለብ ባለ ውኃ ጥጥ ነክረው፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠረግ ጠረጉላት። እትዬ ዱቄት አለቀሰች፤ ፊቷም አብረቀረቀ፤ የሚያደበዝዝላትም አልነበረም።

ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ቀዩ መብራት በራ። እዚህ ላይ የስቱዲዮውን ሕግ መናገር ይገባናል። ቀይ መብራት ሲበራ ማንም አያስልም፣ ማንም አያስነጥስም፣ ወንበር የሚጎትት የለም፤ በካልዓይ ሥራ አስኪያጅ ዘመን አንድ መብራት ሠራተኛ ማስነጠሱን አምቆ ይዞ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ የወደቀውም ድምፅ ሳያሰማ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወደሳል። አስተናባሪውም ሰሌዳውን ከፍ አደረገ፤ ጸጥታም በስቱዲዮው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀ። በመንገድ ሁሉ፣ በበሩ ላይ፣ በአራቱ ፎቅ ደረጃ ስትጮህ የመጣችው ጫጩትም ዝም አለች።

አባ ሹክሹክታ ጀመሩ። ይህች እንቁላል፣ አሉ በሹክሹክታ፤ ሕዝቡም ድምፅ ጨመረ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ እንቁላሏ አልተነቃነቀችም። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ዓይና ሌንሱን አስጠግቶ አስጠግቶ ከቅርፊቱ ጋር ሊሳሳም ደረሰ። በየቤቱ ያለ ሰው ቴሌቪዥኑ የደረቀበት መስሎት በጥፊ ይመታው ነበር። የኳስ ተንታኞቹ በመስተዋቱ ወዲያ መጥተው ተደርድረው ቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁም ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። ላብ ከአባ ሹክሹክታ ግንባር ይወርድ ጀመር፤ እትዬ ዱቄትም ቡሩሽዋን ጨብጣ ትሠቃይ ነበር።

ሰዓቷ ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከብዙ ዘመን በፊት በአንዱ ዝግጅታቸው፣ ጫጩት በቅርፊቷ ውስጥ ሳለች የእናቷን ድምፅ ትሰማለች፤ እናቷ ስትጠራት ትበረታለች፤ ዝም ካለችባት ታርፋለች ብለው ተናግረው ነበር። በሹክሹክታ ስለ ተናገሩት ማንም አልሰማውም፤ ማንም ያላስታወሳቸውን ነገር እርሳቸውም ረስተውት ኖሩ። ጫጩቷን ያስተኛት ድካም አይደለም፤ ጸጥታው ነው። የሚያስፈልጋት የሚጮህላት ዶሮ ነው፤ በስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ ዶሮ የለም።

በዚያች ሰዓት በልባቸው የሆነውን ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። አፋቸውን ሲከፍቱ ያ መጋረጃ በፊታቸው ተዘረጋ፤ ከመጋረጃው ወዲያ አባታቸው ተኝተው ነበር፤ ከሞቱ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ለእርሳቸው ገና አልነቁም ነበር። መጀመሪያ በሹክሹክታ አስካኩ። እንቁላሏ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሁለተኛም ትንሽ ከፍ አድርገው አስካኩ፤ አስተናባሪው ደንግጦ ሰሌዳውን በሁለት እጁ አነሣ፤ ጸጥታ የሚለውንም በጣቱ እየመታ አሳያቸው። አባ ሹክሹክታ ግን ሰሌዳውን አዩ፣ እንቁላሏን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሦስተኛም፣ አርባ ዓመት የታመቀው ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከደረታቸው ወጣ፦ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋቋቋቅ።»

የስቱዲዮው መስተዋት ነዘረ። የድምፅ ባለሙያዋ ማዳመጫ ከራሷ ላይ ወደቀ። ከተንታኞቹ አንዱ ቡናውን በሱሪው ላይ ደፋ። ከእንቁላሏም ውስጥ ጭው የሚል መልስ ተሰማ።

ወሶበ ሰምዑ ዘንተ፣ ይህንም በሰሙ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ተነሣ። ጆሮ ክንዶቿን እንደ ክንፍ እያርገበገበች አስካካች። አንድ ዓይና ካሜራውን ሳይለቅ አስካካ፤ ሁለተኛ ዓይኑንም ያን ጊዜ ገለጠ። እትዬ ዱቄት እያለቀሰች አስካካች። ሹፌሩ አስካካ፤ ከኮሪደሩ ጽዳት ሠራተኞቹ አስካኩ፤ አስተናባሪው ሰሌዳውን ከወለል አስቀምጦ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ አስካካ። እኔም አስካካሁ፤ የተነጠቅሁትን ወንበር እያሰብሁ ስለ ነበር ከሁሉ ይልቅ አምርሬ አስካካሁ። እንቁላሏም ተንቀጠቀጠች፤ ስንጥቁ እንደ መንገድ ዞረ፤ ቅርፊቱ ተነሣ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ሰዓቱ ሞላ። ማስታወቂያ የሚለቀው ማሽን ደግሞ ሰው አይጠይቅም፤ ሰዓቱ ከደረሰ ይለቃል። የሕዝቡ ዓይን ጫጩቷ ላይ ሊያርፍ ሲል ያቺ ሴት ነጭ አንሶላዋን እያወዛወዘች ብቅ አለች። ጫጩቷ ረጥባ፣ ቀጥና፣ አንገቷን መሸከም አቅቷት ከቅርፊቷ ስትወጣ ያየናት እኛ ብቻ ነን። ሕዝብ አላያትም።

ነገር ግን ጆሮ ክንዶቿን ክንፍ አድርጋ በማስካካት ላይ ስለ ነበረች የስቱዲዮውን ማይክሮፎን መዝጋት ረስታለች። ስለዚህ በየቤቱ የታየው ሳሙና ነው፤ የተሰማው ግን የአባ ሹክሹክታ ማስካካት፣ የሠራዊቱ እልልታ፣ ቀጥሎም አዲስ የተወለደች ጫጩት ጭው ጭው ነው። ሴትየዋ አንሶላውን ባራገፈች ቁጥር ከአንሶላው ውስጥ ዶሮ የሚጮህ መሰለ። ድምፅ የቀነሰ አንድ ሰው አልነበረም።

አባ ሹክሹክታ ሕዝብ እንዳላያት ባወቁ ጊዜ ጫጩቷን በሻሹ አደረቁ፤ በደረታቸው ሰደርያ ውስጥ አስገቧት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ወንበራቸውን አነሡ። ቃላቸው ቃል ነበርና፣ ለኳሱ ሊያወርዱ ወደ ደረጃው ሄዱ። ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም፤ ተንታኞቹ እንኳ አልሳቁም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን የሥራ አስኪያጁ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ ሌላውም ስልክ ጮኸ፤ የጥበቃውም ስልክ ጮኸ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጫጩቷ ደህና ናት ወይ፣ ሴት ናት ወንድ፣ ስሟ ማን ተባለ እያለ ነው። በመጨረሻ የሳሙናው ባለቤት ራሱ ደወለ። ማስታወቂያዬን ሰው እስከ መጨረሻው ያዳመጠው ዛሬ ገና ነው፤ ያን የሚያስካካ ሰውዬ እንዳትለቁት አለ።

ሥራ አስኪያጁም በደረጃው ራስ ላይ ቆመው፣ ቁልቁል አዋጅ አወረዱ፦ «ውሉ ሕዝብ ካያት ነበር። አላያትም። ግን እኔም ከመስተዋቱ ወዲያ ቆሜ እንዲህ አስካክቼ አላውቅም። ወንበሩን ይመልሱ፤ ሰዓቱ የእርስዎ ነው። ኳሱ ሌላ ቦታ ይፈልግ።» ወንበራቸውም ወደ ላይ ተመለሰ፤ የእኔም ወንበር በዚያው ቀን ተመለሰችልኝ፤ አንዱ እግሯ ይነቃነቃል፤ ይህን ወደፊት እጽፈዋለሁ ብዬ እዚህ አላማርርም። በበሩ ላይ የጥበቃው አለቃ ቅርፊቱን ቁራጭ በቁራጭ አይቶ አሳለፋቸው፤ ጫጩቷን ግን እንዳላያት ሆነ፤ ይህችም በዘመኑ ሁሉ የሠራት ብቸኛ ደግነቱ ናት።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ በአጥሩ ላይ ሳለች ወደ እናታቸው ጓሮ ደረሱ። ጫጩቷ ከሰደርያው ወጥታ በነጠብጣቧ ዶሮ ክንፍ ሥር ገባች፤ እናቷም የት ነበርሽ ሳትል ተቀበለቻት። እናት ከጓዳ ወጥተው ልጃቸውን ባዩ ጊዜ የሚከተለውን አወጁ፦ «ቀይዋ ዶሮ እንቁላል የጣለች መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እሷ ተኝታለች። ተመልሼ ስገባ ሳሙናው ነበር። አንተ ነህ እንዴ ያስካካኸው? ሰማሁህ እኮ።» ይህን ሲሉ እጃቸው በጆሯቸው ላይ ነበር።

ቀጥሎም በበርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ሌላ ባዶ ሳፋ ገልብጠው ልጃቸው እንዲቀመጡበት ሰጧቸው፤ ጠየቋቸውም፦ «ያን የመጀመሪያውን አንበሳ ስታሳየን ምን ነበር የምትለው?»

አባ ሹክሹክታ በክፍቱ በር ወደ ቤቱ ውስጥ አዩ። መጋረጃው በቦታው ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አልጋ ግን ባዶ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው አንበሳው ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንዳደባ፣ ሚዳቋዋም እንዴት እንዳመለጠችው ተረኩላቸው፤ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አዳመጠ፤ አሁን ትልቁ መጣ፣ አሁን ዘለለ፣ አሁን ሳታት እያሉ፤ ከአንበሳው በኋላ አዞውን፣ ከአዞው በኋላ ጉጉቱን፣ ከዚያም ከሁሉ በፊት የነበሩትን ጉንዳኖች ተረኩ። እናትም አንድ ጊዜ እንኳ ምን አልክ ሳይሉ አዳመጡ። ልጃቸው ሲጨርሱም እናት እንባቸውን በባዶ ራሳቸው ላይ በሌለው ሻሽ ሊጠርጉ ፈልገው አጡት፤ በመዳፋቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «ለካ ስለ ሳሙና አልነበረም።»

ስብሐት ይድረሳቸው፤ ክብር ይድረሳቸው ለአባ ሹክሹክታ፣ አንበሳን በዝምታ ላሸነፉ፣ እንቁላልን በጩኸት ለከፈቱ፣ ጸጥታ የሚለውን ሰሌዳ በድፍረት ላለፉ፣ በሥራ ቀን ዛሬም ለሚያንሾካሹኩ፣ በዕረፍታቸው ቀን ግን ከእናታቸው ጓሮ እስከ ሁለተኛው መንደር ለሚሰሙ። የሰማ ሁሉ ይመስክር፤ የእናታቸውም ጆሮ ከመስካሪዎቹ ሁሉ ፊት ይቆጠር።